የተዘጋ ደጅ ማንን ይጠብቃል?

በአንድ ጣራ ሥር ብዙ ቤተ ሰብ በሚኖርበት ከተማ ተላላፊ በሽታ በገባ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ደጁን ስለ መዝጋት ነው። ይህ አሳብ ከፍርሃት የተወለደ ቢሆንም ስሕተት ነው አይባልም፤ ደጅ የተሠራው ሊከፈትም ሊዘጋም ነውና። ዳሩ ግን ደጅ በሚዘጋበት ሰዓት ራሳችንን ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም የተዘጋው ደጅ የሚጠብቀው ማንን ነው? በውስጥ ያለውን ብቻ ነውን? ወይስ በውጭ የቀረውንም ነው? የብዙዎቻችን ልጆችና ወንድሞች ዛሬ የሚኖሩት አባቶቻችን በሚያውቁት በደጋው የተራራቀ ጎጆ ሳይሆን፣ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም፣ በጅቡቲ ፎቅ ቤት፣ በቤይሩትና በሜልቦርን ሕንፃ ውስጥ ነውና ይህን ጥያቄ ጥቂት ልንመረምረው እንወዳለን።

በባላገር በቤትና በቤት መካከል እርሻ አለ፤ አጥር አለ፤ ነፋስ አለ። በቀድሞ ዘመን ቸነፈር በመጣ ጊዜ የቻለ ሰው ቀዬውን ለቆ ወደ ሌላ አገር ይሸሽ ነበር። በፎቅ ቤት ግን ወዴት ይሸሻል? አንዱ የሚወጣበት ደረጃ ሌላው የሚወርድበት ነው። አንዱ የያዘውን የደረጃ መደገፊያ ሌላው ይይዘዋል። የአንዱ ጣራ ለሌላው ወለል ነው። እንግዲህ በዚህ ዓይነት ቤት የሚኖር ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ጎረቤቱን በእስትንፋሱ እንኳ ይነካዋል። ስለዚህ በባላገር የትሕትናና የመልካም ጠባይ ጉዳይ የነበረው ጉርብትና፣ በፎቅ ቤት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ጅቡቲ ከተማን ለምሳሌ እንውሰድ። ይህች በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የተሠራች ከተማ ለእኛ እንግዳ አይደለችም፤ ከእርስዋ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ የብዙ ወገኖቻችን ኑሮ ከእርስዋ ጋር ተሳስሯል። ከአገሪቱ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚበዛው የሚኖረው በዋና ከተማይቱ ነው። እኛ ክረምት በምንለው ወራት በዚያ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ሰው መስኮቱን ዘግቶ ያርፋል። የሌለው ግን ምንጣፉን ይዞ ወደ ሰገነት ይወጣል፣ ወይም በደጃፉ ይተኛል። ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ በባልባላ ሰፈር በቆርቆሮ ቤት የሚኖረውም እንዲሁ ነው። እንግዲህ «ደጅህን ዝጋ» የሚለው አንድ ቃል ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው ግን የእሳት ምድጃ እንደ ሆነ ልብ እናድርግ። ትእዛዙ ለሁሉ አንድ ነው፤ ሸክሙ ግን አንድ አይደለም።

የኮሮና በሽታ በጅቡቲ መጀመሪያ የታወቀው መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በአውሮፕላን በመጣ በአንድ የውጭ አገር ወታደር ላይ ነበር። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ሕዝቡ በየቤቱ እንዲቀመጥ ታዘዘ፤ የአምልኮ ቦታዎችም ተዘጉ። ይህ ትእዛዝ የላላው ግንቦት 9 ቀን ነው። በእነዚያ ወራት የአገሪቱ ሐኪሞች የታመመውን ብቻ ሳይሆን ከታመመው ጋር የተገናኘውንም እየፈለጉ ይመረምሩ ነበር። ከዚህም የተነሣ፣ በሕዝብ ቁጥር ሲመዘን፣ በአፍሪካ ብዙ ሕመምተኛ የተገኘባት አገር ጅቡቲ ተባለች። ይህን የሰማ ብዙ ሰው ከተማይቱን ፈራት። ነገር ግን ቁጥሩ እንዲህ ከፍ ያለበት አንዱ ትልቅ ምክንያት አጥብቃ መፈለግዋ ነበር። የማይፈልግ አያገኝም፤ ያላገኘም ንጹሕ ይመስላል። ወረርሽኙ እስኪያልፍ ድረስ የተመዘገቡት ሕመምተኞች 15,700 ያህል፣ የሞቱትም 189 ናቸው። በአገር የታየው ይህ ነገር በአንድ ሕንፃም ይታያል፤ ሕመምተኛው የታወቀበት ቤት ከሁሉ የከፋ መስሎ ይታያል፣ ሕመምተኛው የተሸሸገበት ቤት ግን ደኅና መስሎ ያድራል። ከሁለቱ የሚያሰጋው የትኛው እንደ ሆነ አስተዋይ አንባቢ አይስተውም።

በሽታ ሁሉ የየራሱ መግቢያ አለው። ኮሌራ በተበከለ ውኃና በምግብ ይገባል፤ ተስቦ በቅማል ይተላለፋል፤ ኮሮና ደግሞ በተለይ በአየር ይመጣል። በ2012 ዓ.ም. ብዙዎቻችን እጃችንን ስንታጠብና ደረጃውን በበረኪና ስናጥብ መስኮቱን ግን መክፈት ረሳን። እጅን መታጠብ መልካም ነው፤ ብዙ በሽታም ይከለክላል። ነገር ግን ሌባው በመስኮት ሲገባ በር ላይ ብቻ ዘበኛ ማቆም አይበቃም። በጎ ፈቃድ ያለ እውቀት ጎረቤትን አያድንም። ስለዚህ ስለ በሽታው መተላለፊያ ጠንቅቆ መማር ራሱ ጎረቤትን የመውደድ አንዱ ክፍል ነው።

ለዚህ ከሩቅ ምሥራቅ አንድ ምስክር እናምጣ። በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ሳርስ የሚባለው በሽታ በሆንግ ኮንግ ከተማ አሞይ ጋርደንስ በሚባሉት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ገባ። አንድ የታመመ እንግዳ ዘመዱን ሊጠይቅ መጥቶ በዚያ ቤት መጸዳጃ ተጠቀመ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከ300 የሚበልጡ ነዋሪዎች ታመው ተገኙ፤ ከእነርሱም 42 ሞቱ። ብዙዎቹ ከዚያ እንግዳ ጋር ፊት ለፊት አልተያዩም ነበር። መርማሪዎች እንደ ደረሱበት ከሆነ፣ በየመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ ሥር የታጠፈ ቧንቧ ነበረ፤ በእጥፋቱም ውኃ ሲቆም ከታች የሚመጣውን መጥፎ አየር ያግዳል። ነዋሪዎቹ ወለሉን በውኃ ማጠብ ስለ ተዉ እጥፋቱ ደረቀ። አየር ማስወጫው ማራገቢያ በተነሣ ጊዜም በሽታው ያለበት እንፋሎት ከቧንቧው ወደ ቤት ተሳበ። በግድግዳ ተለያይተናል ሲሉ በቧንቧ አንድ ሆነው ተገኙ።

በዚያ ሕንፃ ጎረቤቱን ሊጎዳ ያሰበ ሰው አልነበረም። የጎደለው አንድ ጣሳ ውኃ ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር ክፋት ባይኖርም ቸልተኝነት ብቻውን ብዙ ሊጎዳ እንደሚችል ነው። በሙቀት አገር በዝግ ቤት ያለ ውኃ ቶሎ ይደርቃልና፣ በጅቡቲም ሆነ በድሬዳዋ በፎቅ ቤት የሚኖር ሰው በወለሉ ቀዳዳ በየጊዜው ውኃ ቢያፈስ፣ ይህን ሲያደርግ ስማቸውን የማያውቃቸውን ከላይና ከታች ያሉትን ሰዎች እየጠበቀ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንድረስ። በአንድ ሕንፃ በሦስተኛው ፎቅ የሚኖር አንድ አባወራ ማታ ትኩሳትና ሳል ያዘው እንበል። ቢናገር አከራዩ ቤቱን ልቀቅ ይለዋል ብሎ ይፈራል፤ ሱቁን ደንበኛ ይሸሸዋል፤ ልጆቹን በደረጃው ላይ ያገኛቸው ሁሉ ፊቱን ያዞርባቸዋል። ባይናገር ደግሞ በአራተኛው ፎቅ አንዲት አስም ያለባቸው አሮጊት እናት አሉ። ይህ ሰው ምን ያድርግ? አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይሉ ነበር። በፎቅ ቤት ግን በሽታውን የሸሸገ ሰው መድኃኒት የሚነሣው ራሱን ብቻ አይደለም፤ አሮጊቲቱንም ነው። ስለዚህ መናገር ይገባዋል፤ በዚህ ጥርጥር የለም።

ይሁን እንጂ ፍርዱን በእርሱ ላይ ብቻ ጥለን ብናልፍ ከእውነት ግማሹን እንተዋለን። ይህ ሰው ዝምታን ከየት ተማረ? ከእርሱ አስቀድሞ በታመመው ሰው ላይ የተደረገውን አይቶ አይደለምን? ያ ሰው በታመመ ጊዜ ጎረቤቶቹ ሊጠይቁት ሳይሆን ሊያስወጡት ተሰብስበው ከነበረ፣ ያን ቀን የሕንፃው ሰዎች ሁሉ መዋሸትን ተምረዋል። እውነት የሚናገር ሰው የሚቀጣበት ቤት እውነትን አያገኝም። እንግዲህ የሕመምተኛው የመናገር ግዴታና የጎረቤቶቹ የመርዳት ግዴታ ሁለት አይደሉም፤ የአንድ ነገር ሁለት ወገን ናቸው። ከሁለቱም መቅደም ያለበት የጎረቤቶቹ ነው፤ ምክንያቱም ደኅነኛው ሰው ሳይፈራ አስቀድሞ ሊያስብበት ይችላል፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ግን የሚያስበው በፍርሃት መካከል ነው።

በዚህ ነገር ማርቲን ሉተር ያደረገውን ማስታወስ ይገባናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1527 ዓ.ም. ቸነፈር ወደ ዊተንበርግ ከተማ በገባ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ወደ የና ተዛወረ፤ ሉተርና ቡገንሃገን ግን ከሕዝቡ ጋር ቀሩ። በብሬስላው ያሉ አገልጋዮች ክርስቲያን ከቸነፈር መሸሽ ይገባዋልን ብለው ስለ ጠየቁት፣ ለዮሐን ሄስ በደብዳቤ መለሰላቸው። በዚያ ደብዳቤ ሉተር ሁሉን በአንድ ሚዛን አልመዘነም። ሹም፣ ሐኪምና እረኛ፣ ለሌላው የሚያስፈልግ ጎረቤትም ሥፍራውን እንዳይለቅ ያዝዛል፤ ሌላ ረዳት ካለ ግን የሚሸሸውን አይኮንነውም። መድኃኒትን መናቅንና ራስን በከንቱ ለአደጋ መጣልን እንደ እምነት አይቆጥረውም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው ይላል። በሽታውን እያወቀ ሸሽጎ ከሰው ጋር የሚቀላቀለውንም ከነፍሰ ገዳይ ጋር ይቆጥረዋል። ቃሉ ጽኑ ነው። ነገር ግን ይህን የጻፈው ሰው የራሱን ቤት ለሕሙማን ከፍቶ፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱም አብራው ሳለች ነበር። ስለዚህ ከሕመምተኛው እውነትን ሊጠይቅ የሚቻለው ማን እንደ ሆነ ከዚህ እንማራለን። አልጋና ወጥ ያዘጋጀ ሰው እውነትን ቢጠይቅ ይገባዋል። ዱላ ብቻ ያዘጋጀ ሰው ግን ምን ብሎ ይጠይቃል?

ምናልባት አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይቃወመን ይሆናል፤ «በሽታው ምሕረትን አይጠብቅም። እናንተ ስለ ፍቅር ስትመክሩ ሕንፃው በሙሉ ይታመማል። የሚያድነው በኃይል መዝጋት ብቻ ነው።» ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በእርግጥም መዝጋት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በኃይል የተዘጋ ሕንፃ ምን እንደ ደረሰበት እንይ።

ሰኔ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ፣ በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልቦርን ያሉ ዘጠኝ የመንግሥት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ያለ ማስጠንቀቂያ በአንድ ከሰዓት በኋላ በፖሊስ ተዘጉ። በውስጣቸው 3,000 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሱዳን የሄዱ ናቸው። በሕንፃዎቹ በሽታው መገኘቱ እውነት ነበር፤ አደጋውም እውነት ነበር። ነገር ግን ነዋሪዎቹ ምግብና መድኃኒት ለመያዝ ጊዜ አልተሰጣቸውም። ለአንዳንዶቹ ምግብ ዘግይቶ ደረሰ፤ ቋንቋውን ለማይችሉትም የሚሆነውን የሚያስረዳቸው ሰው በጊዜው አልተገኘም። ወጣቶቻቸው ራሳቸው አስተርጓሚና ምግብ አቀባይ ሆኑ። ስምንቱ ሕንፃዎች ከአምስት ቀን በኋላ ሲከፈቱ፣ አንዱ ግን ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ቆየ። የዚያ ክፍለ አገር እንባ ጠባቂ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባወጡት ምርመራ፣ መዝጋቱ ምክንያት ቢኖረውም ያለ ማስጠንቀቂያ ወዲያውኑ መደረጉ የሰዎቹን መብት የጣሰ እንደ ሆነ ገለጡ።

ከዚህ ነገር ደጅ መዝጋት ክፉ ነው ብለን አንደመድምም። ነገር ግን በሰው ላይ የሚዘጋ ደጅ ፍትሕ እንዲሆን አራት ነገር ያስፈልገዋል እንላለን። መጀመሪያ፣ የሚዘጋበት ሰው ምክንያቱ በሚያውቀው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ሁለተኛ፣ ከመዘጋቱ አስቀድሞ እንጀራው፣ ውኃውና መድኃኒቱ ሊታሰብለት ይገባል። ሦስተኛ፣ የሚከፈትበት ቀን ሊታወቅ ይገባል። አራተኛ፣ በዚያው አደጋ ውስጥ ያለ ባለጸጋ ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ይደረግበት እንደ ነበረ ልባችን ሊመሰክርልን ይገባል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ ሰውየው የተጠበቀ ሳይሆን የታሰረ ነው። የታሰረ ሰው ደግሞ ማምለጫ ይፈልጋል፤ በማምለጡም በሽታውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ያለ ርኅራኄ የተዘጋ ደጅ፣ ከክፋቱ ሌላ፣ የታሰበውንም ጥቅም አይሰጥም።

ከመዝጋት የሚከፋ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም ሰውን ወደ ውጭ ጥሎ መዝጋት ነው። በግንቦትና በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሊባኖስ አገር በቤይሩት፣ ኑሮ በተወደደና ወረርሽኙ ባስጨነቀ ጊዜ፣ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሴት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ወስደው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጣሏቸው። ብዙዎቹ ደመወዛቸው አልተከፈላቸውም፤ በእግረኛ መንገድ ላይ አደሩ። እነዚህ የእኛው የደጋው ልጆች ናቸው። የአሠሪዎቹ ቤት ያን ሌሊት በሽታ አልገባበት ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ቤት ተጠበቀ ልንል እንችላለንን?

በጅቡቲም ብዙ እኅቶቻችን በየፎቅ ቤቱ ያገለግላሉ፤ ወንድሞቻችንም በዘበኝነትና በወደብ ሥራ ይኖራሉ። እንግዲህ የአንድን ሕንፃ ደኅንነት ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ከላይኛው ፎቅ ሳይሆን ከደረጃው ሥር ይጀምር። ዘበኛው የሚያድረው የት ነው? ውኃ አመላላሹ በቀን ስንት ደጅ ያንኳኳል? በወጥ ቤት ወለል የምትተኛው ልጅ ብትታመም የምታርፍበት ክፍልና መስኮት አላትን? ደመወዟስ ይከፈላታልን? በየቤቱ ገብተው የሚወጡት እነዚህ ናቸው። እነርሱ ሳይጠበቁ የሕንፃው ባለቤት አይጠበቅም። ያልታየ ሰው ሲታመምም አይታይምና። ስለዚህ በዚህ ነገር ፍትሕና ጥበብ ተስማምተው ይገኛሉ።

ደግሞ ፍቅር ከሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ሥራ እንደማይጠይቅ ማወቅ ይገባናል። በቤቷ ሕፃን የምታጠባ ወይም ደካማ እናት የምትጦር ሴት ወደ ሕመምተኛው ክፍል ባትገባ አትነቀፍም፤ ነገር ግን አብስላ በደጃፉ ልታኖር ትችላለች። ወጣቱ ገበያ ሊሄድ ይችላል። ክትባት የወሰደና በሽታው አስቀድሞ ይዞ የለቀቀው ጎልማሳ በፊቱ ላይ መሸፈኛ አድርጎ ሊያስታምም ይችላል። ሽማግሌው በየማታው ስልክ ደውለው እንዴት አደርህ፣ እንዴት ዋልህ ሊሉ ይችላሉ። አከራዩም የዚያን ወር ኪራይ ሊታገሥ ይችላል። ሁሉ አንድ ነገር ካደረገ፣ አንዱ ሁሉን አድርጎ አይወድቅም።

ለዚህ ሥራ አዲስ ማኅበር መፈለግ አያስፈልገንም፤ ዕድር አለን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው በፈጀ ጊዜ፣ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሆኖ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ከሞት ተርፈዋል። እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ማቃጠላችን የዚያ መታሰቢያ ነው። ጥራጊውን እናቃጥላለን፤ ነገር ግን ከዚያ የመከራ ዘመን ልንወስደው የሚገባን ዋናው ትምህርት የጭስ አይደለም። ብቻውን ታሞ፣ ውኃ የሚያቀብለው አጥቶ የሞተ ሰው ስንት ነበር? ዕድራችን ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ሲተክል መልካም ያደርጋል። ሰው ሳይሞት፣ ትኩሳት በያዘው በመጀመሪያው ሌሊት ቢደርስለት ግን እጅግ የበለጠ ነው። በሰው አገር በፎቅ ቤት ያሉ ወገኖቻችንም የዕድራቸውን መጽሐፍ ከፍተው «ለታመመ» የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ፣ ብዙ ደጅ በሰላም ይዘጋል፣ በሰላምም ይከፈታል።

ይህም ምክር የሚጠቅመው በሽታ ከመምጣቱ በፊት ነው። በጤና ዘመን የሕንፃው ሰዎች ተሰብስበው፣ በየፎቁ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌና ሕመም ያለበት ሰው ማን እንደ ሆነ ይወቁ። የደረጃው መስኮት ሁልጊዜ እንዲከፈት፣ የውኃው ታንከር እንዲጸዳ፣ በፍሳሹ ቀዳዳ ውኃ እንዲፈስ ይስማሙ። የታመመ ቢኖር ለማን እንደሚናገር፣ ማን ወደ ሐኪም እንደሚያደርሰው፣ ማን እንጀራውን በደጃፉ እንደሚያኖርለት አስቀድመው ይወስኑ። ከሁሉም በላይ፣ ስለ ታመመ ማንም ከቤቱ እንደማይወጣ፣ ባለቤቱም ሠራተኛይቱም ቢሆኑ፣ በአንድ ቃል ይነጋገሩ። ይህ ቃል የተሰጠበት ሕንፃ ሕመምተኛውን ቶሎ ያውቀዋል፤ ቶሎ ያወቀውም ቶሎ ይጠብቀዋል፤ በእርሱም መጠበቅ የቀሩት ሁሉ ይጠበቃሉ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ጠየቅነው እንመለስ፤ የተዘጋ ደጅ ማንን ይጠብቃል? ሰው ታሞ ስለ ጎረቤቱ ብሎ በራሱ ላይ የዘጋው ደጅ ጎረቤቱን ይጠብቃል። ጎረቤቱም እንጀራና ውኃ በደጃፉ ሲያኖርለት ያው ደጅ እርሱንም ይጠብቀዋል። የሚያንኳኳ የሌለበት ደጅ ግን በውስጥ ያለውን ይገድላል፤ በውጭ ያለውንም ጨካኝ ያደርገዋል። ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ ከእኛ በላይና ከእኛ በታች የሚኖሩትን ሰዎች ስማቸውን የማናውቅ ብዙ ነን። በሽታ ሳያስገድደን ዛሬ ማታ ደረጃውን ወጥተን ወይም ወርደን ስማቸውን እንጠይቅ።